ከመቶው ስድሳ ለጋሼ

እታገኘሁ ጠበቃ ልትቀጥር የሄደች ዕለት ጠጉሯን ተሠርታ፣ ጫማዋን አስጠርጋ፣ ለሠርግ የምታወጣውን ቀሚስ ለብሳ ነበር። በእኛ ሰው ልማድ ጠበቃ ጋ የሚሄድ ወይ የተከሰሰ ነው ወይ ሊፋታ ነው፤ በሰላም ውሎ የሚያድር ሰው ጠበቃ ምን ያደርግለታል? ስለዚህ ማታቱ በሚሉት የናይሮቢ ሚኒባስ ውስጥ አንዲት የምታውቃት ሴት "ወዴት ነው እንዲህ አምረሽ?" ስትላት "ሐኪም ቤት" ብላ ዋሸች። ከጠበቃ በሽታ ይሻላል ብላ ነው።

የፈለገችው ግን ኩባንያ ማቋቋም ብቻ ነበር። ሥራዋ መጋረጃ ነው። ኪሌሌሽዋ በሚባል ሰፈር፣ አንድ ትልቅ ግቢ ጓሮ ባለች የሠራተኛ ቤት ሁለት የስፌት መኪና አስቀምጣ፣ ጨርቁን ከኢስሊ ገበያ እየገዛች፣ ለጊጊሪና ለላቪንግተን ሰፈር ቤቶች ትሰፋለች። ናይሮቢ ለመጋረጃ ሰፊ የተመቸች ከተማ ናት። እነዚህ ሰፈሮች የሞሉት የውጭ ድርጅቶች ሠራተኛ በየሁለት ዓመቱ ይቀያየራል፤ አዲስ የመጣው የቀድሞውን ሰው መጋረጃ ዓይኑን ማየት አይፈልግም። እታገኘሁ በዚህ ሥራ አሥራ አራት ዓመት ስትቆይ አንድም መጋረጃ አጥሮባት ወይ ረዝሞባት አያውቅም። ትልልቁ ሥራ ግን በአፍንጫዋ ሥር ያልፍ ነበር። ድርጅቶቹ የኩባንያ ወረቀት ይጠይቃሉ፤ ወረቀት ያላቸው ሰዎች ሥራውን ይወስዱና መልሰው እሷኑ ያሰፏታል፤ ከዚያ የራሳቸውን ምልክት ለጥፈው ያስረክባሉ። አንድ ቀን ጊጊሪ አንድ ቢሮ ገብታ የገዛ እጇን ስፌት የሌላ ሰው ስም ተለጥፎበት አየች። በማግሥቱ ጠበቃ ማፈላለግ ጀመረች።

ጠበቃዋ ሚስ ኬሩቦ ትባላለች። ጠጉሯን በአጭሩ የተቆረጠች፣ ጥቂት የምትናገርና ብዙ የምትጠይቅ ኬንያዊት ናት። ቢሮዋ መሃል ከተማ አምስተኛ ፎቅ ላይ ሲሆን ሊፍቱ እስከ ሦስተኛ ብቻ ነው የሚሠራው።

"ለኩባንያ ቢያንስ ሁለት ሰው ያስፈልጋል" አለች ሚስ ኬሩቦ። "ሕጉ እንደዚያ ነው። ባል አለሽ?"

"የለኝም።"

"ወንድም፣ እህት፣ እዚህ አገር?"

"ማንም የለኝም።"

"እንግዲያው የምታምኚውን አንድ ሰው አምጪ። ለእሱ ከመቶ አንድ ሼር እንሰጠዋለን፤ ዘጠና ዘጠኙ ያንቺ ይሆናል። ስሙ ወረቀቱን እንዲያሟላልሽ ብቻ ነው።"

የምታምነውን ሰው ለማሰብ ደረጃውን ወርዳ እስክትጨርስ እንኳ አልፈጀባትም። ጋሽ ብርሃነመስቀል ናቸው፤ ሌላ ማን ይኖራል? በሰማንያ አራት ዓመተ ምሕረት በሞያሌ በኩል ናይሮቢ ስትገባ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበረች፤ የነበራትም የለበሰችው ሰማያዊ ሹራብ ብቻ። ጋሽ ብርሃነመስቀል ያኔ አንድ የእርዳታ ድርጅት ውስጥ የሒሳብ ሹም ነበሩ። ከባለቤታቸው ከእትዬ ሠርክ ጋር ላቪንግተን ቤታቸው ስምንት ወር አኖሯት። ስፌት እንደምትችል ሲሰሙ ከሥራ ሲመለሱ ያገለገለ የስፌት መኪና በታክሲ ጭነው መጡ። መኪናው እጀታው ተሰብሮ ስለነበር ጋሼ ራሳቸው የመጥረጊያ እንጨት ቆርጠው ተኩበት። ያ እንጨት እስከ ዛሬ አለ።

ታዲያ ለእኒህ ሰው ከመቶ አንድ? እታገኘሁ ነገሩን ባሰበችው ቁጥር ፊቷ ይግላል። አንድ ማለት ምን ማለት ነው? ስድብ አይደለም? ይሉኝታ የሚባለው ነገር እንዲህ ነው፤ ማንም ሳይጠይቅህ ገብቶ ያዝዝሃል፣ አንተም ጨዋነት ነው ብለህ ትታዘዝለታለህ።

ጋሽ ብርሃነመስቀል በቀጠሮው ቀን ሙሉ ልብስ ለብሰው ከእሷ ቀድመው ደረሱ። ጠበቃዋን ከመጨበጣቸው በፊት ከደረት ኪሳቸው ትንሽ ደብተር አውጥተው አዩና "ሚስ ኬሩቦ" አሏት። እታገኘሁ ደብተሩን አይታ፣ የሒሳብ ሰው አይደሉ፣ ሁሉንም ይጽፋሉ ብላ አለፈችው።

"ለእኔ አንድ ይበቃኛል" አሉ ገና እንደተቀመጡ።

"እንዴት ተደርጎ! ሃምሳ የእርስዎ፣ ሃምሳ የእኔ።"

"አይሆንም ልጄ።"

እሷም ብታስበው አይሆንም። ከአባት ጋር እኩል መቆም ምን የሚሉት ነው? "እውነትዎን ነው፣ አይሆንም" አለች። "ስድሳው የእርስዎ፣ አርባው የእኔ ይሁን።"

"እታገኘሁ፣ እኔ የምልሽ ሌላ ነው። አንድ በቂዬ ነው።"

ሚስ ኬሩቦ ቋንቋው አይገባትም። እስክሪብቶዋን አንዴ ታነሣለች፣ አንዴ ታስቀምጣለች። "እየተጣላችሁ ነው?" አለች በመጨረሻ።

"አይ፣ እየተስማማን ነው" አለች እታገኘሁ።

ጋሼ ወደ እሷ ጠጋ ብለው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "ስሚኝማ ልጄ። እኔ እኮ አሁን አሁን ጭንቅላቴ..."

"በሞቴ!" አለች ከአፋቸው ነጥቃ። "አፈር ስሆን ጋሼ! ስድሳውን እምቢ ካሉኝ ነገሩ ሁሉ ይቅር፤ ወረቀቱም ገደል ይግባ።"

እኛ እንዲህ ነን። ገበታ ላይ እየራበን "ጠገብኩ" እንላለን፤ ጋባዣችን "በሞቴ" ካላለን ደግሞ ቅር ይለናል። የምር እምቢታና የወግ እምቢታ በምን እንደሚለዩ እኔ እስከ ዛሬ አልገባኝም፤ ለእታገኘሁም አልገባትም። ጋሽ ብርሃነመስቀል ደብተራቸውን ወደ ደረት ኪሳቸው መለሱ። ከዚያ "እንግዲህ በሞቴ ካልሽኝ ምን አደርጋለሁ" አሉ። "ግን ስሙ ባንቺ ይሁን፤ ይህን እንኳ አትንፈጊኝ።" ኩባንያው 'እታገኘሁ መጋረጃ' ተባለ።

ሚስ ኬሩቦ ሦስት ጊዜ ጠየቀቻት። ያለ ባለ ስድሳው ፊርማ ትልቅ ውል መዋዋል እንደማትችል፣ ሐሳባቸውን ቢለውጡ ወይም አንድ ነገር ቢሆኑ እጇ እንደሚታሰር አስረዳቻት።

"ምንም አይሆኑም፤ አባቴ ናቸው" አለች እታገኘሁ።

"አባትሽ ናቸው?"

"አይደሉም። ግን ናቸው።"

"ማዳም፣ የቀጠርሽኝ እንድመክርሽ ነው ወይስ እንድጽፍልሽ?"

"እንድትጽፊልኝ" አለች እታገኘሁ፣ ትንሽ ቆጣ ብላ። ጠበቃዋም ጻፈችላት።

ሁለት ዓመት በደህና አለፈ። እታገኘሁ አንዲት እውነተኛ ሱቅ ተከራየች፤ ስድስት መኪና አስገባች፤ አምስት ሴቶች ቀጠረች። የምታስፈርመው ወረቀት ሲኖር ለእትዬ ሠርክ ትሰጣለች፤ እትዬ ሠርክ በማግሥቱ አስፈርመው ይመልሱላታል። በዓል ቀን ቤታቸው ስትሄድ ጋሼ ዝምታ አብዝተዋል። ዕድሜ ነው ተባለ። ሁሉም ዕድሜ ነው አለ፤ እሷም አለች።

ሚሊኒየሙ በተከበረ በወሩ ያ ስትመኘው የኖረችው ነገር መጣ። ጊጊሪ የሚገኝ አንድ ትልቅ ድርጅት አዲስ ሕንፃ አሠርቶ፣ ለሦስት መቶ አርባ መስኮት መጋረጃ ጨረታ አውጥቶ ነበርና 'እታገኘሁ መጋረጃ' አሸነፈ። ውሉ በሁለቱም ባለድርሻዎች፣ ጠበቃ እየመሰከረ፣ ተፈርሞ እስከ መጪው ዓርብ እንዲገባ ተጻፈላት። ካልገባ ሥራው ለሁለተኛው ተወዳዳሪ ያልፋል። ሁለተኛው ተወዳዳሪ ድሮ እያሰፋት በራሱ ስም ሲያስረክብ የነበረው ሰው ነው።

ደብዳቤውን ይዛ ጨርቄን ማቄን ሳትል ላቪንግተን ገሰገሰች። በሩን የከፈቱላት ራሳቸው ጋሼ ናቸው።

"እንደምን ዋሉ እሜቴ" አሏት እጅ ነሥተው። "ይግቡ፣ ይግቡ። ሠርክን ፈልገው ነው?"

እታገኘሁ የቀለዱባት መስሏት ከት ብላ ሣቀች። አሥራ ስድስት ዓመት "አንቺ" ሲሏት የኖሩ ሰው እሜቴ ሲሏት እንዴት አትሥቅ? ጋሼም በጨዋነት አብረዋት ፈገግ አሉ። ግን ዓይናቸው ውስጥ ቀልድ አልነበረም፤ እንግዳ ሰው ያስገባ የቤት ባለቤት ዓይን ነበር።

እትዬ ሠርክ እጇን ይዘው ወደ ጓዳ ወሰዷት። በሩን ዘግተው አለቀሱ።

"ከባሰበት ዓመት አልፎታል" አሉ። "ለማንም አልተናገርሁም። ያ የሚከበር ሰው መሳለቂያ ከሚሆንብኝ ብዬ ዋጥሁት። ወረቀቶችሽንም 'ፈርም' ስለው እያመነኝ ይፈርም ነበር። አሁን ግን እኔንም መጠርጠር ጀምሯል። ወረቀት ካየ ያነባል፤ ካነበበ ይጠይቃል።"

"ከመቼ ጀምሮ ነው እትዬ?"

እትዬ ሠርክ መልስ ከመስጠታቸው በፊት ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያዙ። "ያኔም ነበረ። ጠበቃዋ ጋ የሄዳችሁ ዕለት ነበረ። የሰው ስም እየጠፋው ደብተር ላይ ይጽፍ ነበር። ጠዋት ሲወጣ 'ሠርክ፣ አንድ ብቻ ስጪኝ እላታለሁ፤ የልጅቱን ልፋት እንዳላበላሽባት' ብሎኝ ነው የወጣው። ሲመለስ አንገቱን ደፍቶ ገባ። 'በሞቴ አለችኝ' አለኝ።"

እታገኘሁ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ያ ያልተጨረሰ ቃል፣ ያ "ጭንቅላቴ" ያሉት፣ አሁን ገና ጆሮዋ ገባ። ከአፋቸው የነጠቀችው እሷው ራሷ ናት። በጨዋነቷ እየኮራች ነው የነጠቀችው።

ሚስ ኬሩቦ ጉዳዩን ሰምታ "ነግሬሽ ነበር" አላለችም፤ ብትላት ይሻላት ነበር። በር በሩን አንድ በአንድ እየከፈተች አሳየቻት፤ ከእያንዳንዱ ኋላ ግድግዳ ነበር። አዲስ ኩባንያ ይቋቋም ቢባል ጨረታውን ያሸነፈው ይኸኛው ነው። ፍርድ ቤት ይቅረብ ቢባል ሐኪም መመስከር አለበት፣ ዳኛ ጋሼን ራሳቸውን ሊያያቸው ይችላል፣ ወራትም ይወስዳል። እታገኘሁ ይህን ለእትዬ ሠርክ ስትነግራቸው እግሯ ላይ ሊወድቁ ነበር። "ብርሃነመስቀልን ዳኛ ፊት አቁመሽ አእምሮውን ስቷል ልትዪ ነው? ሰው ሁሉ እየሰማ?" አሉ። ልትል አልቻለችም።

"እንግዲያው የቀረን አንድ ነው" አለች ጠበቃዋ። "ሃምሳ ዘጠኙን ሼር ላንቺ ያዙሩልሽ፤ አንዱ ይቅርላቸው። መጀመሪያ ያልኩሽን ማለት ነው። ከዚያ ውሉን አንቺ ትፈርሚያለሽ፤ ለባለ አንዱ ፊርማ ድርጅቱ ጊዜ እንዲሰጠን እጠይቃለሁ። ግን የሚፈርሙት እኔ ፊት፣ ገብቷቸው መሆን አለበት። ካልገባቸው አልመሰክርም። ያንቺ ጠበቃ ብሆንም አልመሰክርም።"

ሐሙስ ጠዋት ሄዱ። እትዬ ሠርክ ጠዋት ጠዋት ደህና ነው ብለው ነበር፤ ደህናም ነበሩ። ጺማቸውን ተላጭተው፣ ክራባት አስረው፣ ሳሎን ቁጭ ብለው ጠበቋቸው። ወረቀቱን ተቀብለው መነጽራቸውን አደረጉ፤ ማስመሪያ አስመጡና መስመር በመስመር ከሥሩ እያስኬዱ ማንበብ ጀመሩ፤ ልክ እንደ ድሮው። እታገኘሁ ማስመሪያውን ስታይ ልቧ ሞቅ አለ።

"ምን እንደሆነ ገብቶዎታል ጌታዬ?" አለች ሚስ ኬሩቦ በእንግሊዝኛ።

"በሚገባ" አሉ ጋሼም በዚያ በጠራው የቢሮ እንግሊዝኛቸው። "የድርሻ ማስተላለፊያ ነው። ብርሃነመስቀል የተባልኩት እኔ፣ 'እታገኘሁ መጋረጃ' ከሚባል ኩባንያ ካለኝ ስድሳ ድርሻ ሃምሳ ዘጠኙን እታገኘሁ ለምትባል አስተላልፋለሁ ይላል።"

ሚስ ኬሩቦ እታገኘሁን አየቻት፤ የጠበቃዋም ፊት በራ። እትዬ ሠርክ ከበሩ ሥር ሆነው አማተቡ።

"አንድ ስሕተት ግን አለበት" አሉ ጋሼ፣ ወደ አማርኛ ተመልሰው። "እኔ ከዚህች ልጅ ላይ ስድሳ ድርሻ የለኝም። ከየት አመጣዋለሁ? ሥራው የሷ ነው፣ ስሙ የሷ ነው። ይህን ብፈርም የእኔ ነበር ብዬ ማመኔ አይደለም?"

"ይመልሱላት ነው እኮ ጋሼ" አለች እታገኘሁ። "ለሷው ነው የሚመለሰው።"

"ተቀባይ ብሎ የፈረመውስ ማነው?"

"እኔ ነኝ።"

ጋሼ መነጽራቸውን አውልቀው በትዕግሥት አዩዋት። "እርስዎ እታገኘሁ አይደሉም" አሉ። "እታገኘሁን አውቃታለሁ። ልጅ ናት። እዚሁ ከእኛ ጋር ናት፤ ኋለኛው ክፍል። ለሥራ ወጥታ ነው እንጂ ባስተዋወቅኋችሁ።"

"እኔ ነኝ ጋሼ! ሰማያዊ ሹራብ ለብሼ የመጣሁት። መኪና በታክሲ ያመጡልኝ፣ እጀታውን በመጥረጊያ እንጨት የሠሩልኝ..."

"ይህን ሁሉ ማን ነገረዎ?" አሉ፣ ፊታቸው ጠቆር እያለ። እሷ ብዙ ባወቀች መጠን እሳቸው ይበልጥ ይጠረጥሯታል። መታወቂያዋን አውጥታ ሰጠቻቸው፤ ከማስመሪያው አጠገብ አስቀምጠው አነበቡት። "ወረቀት ማንም ያወጣል እሜቴ። አዝናለሁ። ልጅቱ አባት የላትም፣ እናት የላትም፤ ያላት እኔ ነኝ። በስሟ የመጣ ሰው ሁሉ ፈርም ባለኝ ነገር ብፈርም ሜዳ ላይ አስቀራታለሁ።"

"ምን አሉ?" አለች ሚስ ኬሩቦ በሹክሹክታ። እታገኘሁ ሊተረጎም የሚችል ነገር አላገኘችም።

ከወንበሯ ወርዳ እግራቸው ሥር ተንበረከከች። ሌላ የቀራት ነገር አልነበረም። ያን ጊዜ የሠራላትን፣ ያን ጊዜ የገደላትን ቃል ደገመችው።

"በሞቴ ጋሼ። አፈር ስሆን። ይፈርሙልኝ፣ በሞቴ!"

ጋሽ ብርሃነመስቀል ደነገጡ። ክንዷን ደግፈው አነሧት፤ ወንበሯ ላይ መልሰው አስቀመጧት፤ ከኪሳቸው መሐረብ አውጥተው ሰጧት። እጃቸው እንደ ድሮው ሙቅ ነበር።

"ክፉ አይንካዎ እሜቴ" አሉ። "ግን አልፈርምም።"

ሚስ ኬሩቦ ወረቀቶቹን ሰብስባ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። ጋሼ እንግዶቻቸውን እስከ በሩ ሸኙ፤ ሰው ሳይሸኙ መቅረት አያውቁም። ደፉ ላይ ሲደርሱ እታገኘሁን ለብቻዋ በእጃቸው ጠቅሰው አስቀሯት።

"የሚያውቋት ከሆነ" አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ "ካገኟት ይንገሩልኝ። ሰዎች መጥተው ነበር፤ ብርሃነመስቀል ግን አልፈረመም ይበሏት። እኔ እያለሁ ማንም አይነካባትም። እንዳትሰጋ።"

መሐረቡ እጇ ላይ ነበር።

"እሺ ጋሼ" አለች። "እነግራታለሁ።"